በመርዝ በተነካ ምድር የመመርመሪያ ጕድጓድ ስለ መቈፈርና ውሃውን ስለ መቅዳት

የውሃ ክፋቱ ሁልጊዜ በመልኩ አይታወቅም። የደፈረሰ ወራጅ ሰውን ያስጠነቅቃል፤ በመርዝ የተነካ ምንጭ ግን ጠርቶና ቀዝቅዞ ይጠጣል። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» የተባለው ለዚህም ይስማማል። ስለዚህ የፀረ ተባይ መርዝ ግምጃ ቤት የነበረበት ስፍራ በግዛቱ የሚገኝ ሹም፣ ምንጩን በዓይን አይቶ ንጹሕ ነው ብሎ መፍረድ አይገባውም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አንበጣንና ሌላውን ተባይ፣ የወባንም ትንኝ ለማጥፋት ከውጭ አገር የመጣ መርዝ፣ ሳይሠራበት ጊዜው እያለፈ በአገሪቱ በብዙ ስፍራ ተከማችቶ ቀርቶ ነበር። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ረዳትነት 1500 ቶን ያህሉ ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ ተላከና በእሳት ተቃጠለ። ነገር ግን በርሜሉ ሲነሣ ከበርሜሉ የፈሰሰው አብሮ አይነሣም። ዲዲቲ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ብዙ ዘመን ይቈያል፤ ሊንዴን ደግሞ ከዲዲቲ ይልቅ በቀላሉ ከውሃ ጋር ይሄዳል። እንግዲህ ምድሪቱ የሸሸገችውን ለማወቅ የመመርመሪያ ጕድጓድ ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ስለ ምድሩ ጠባይ።

ከመቈፈር በፊት ውሃው በየት እንደሚሄድ ማወቅ ይቀድማል። የመንዝና የግሼ ደጋ ጥንት ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቍር ደንጊያ በንብርብር የተሠራ ነው። የዝናሙ ውሃ በደንጊያው ስንጥቅ ይወርድና በንብርብሮቹ መካከል ሸክላማ አፈር ሲያገኝ መውረዱን ትቶ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በገደሉም አፋፍ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በመርሐቤቴ በኩል ግን የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች ምድሩን በጥልቅ ስለ ቈረጡት፣ ከጥቍሩ ደንጊያ በታች የኖራና የአሸዋ ደንጊያ ይገኛል። የኖራ ደንጊያ በውሃ የሚቦረቦር ስለ ሆነ መርዙ በአጭር ጊዜ ሩቅ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ አስቀድሞ ከአገር ሽማግሌዎችና ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች ጋር ቦታውን መዞር፣ ምንጩንና የእጅ ጕድጓዱን ሁሉ በካርታ ላይ መጻፍ ይገባል። የትኛው በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ከዝናም በኋላ ወዲያው እንደሚበዛ እነርሱ ያውቃሉ። ከዝናም በኋላ ፈጥኖ የሚበዛ ምንጭ ከላይ በስንጥቅ የሚመጣ ውሃ ያለው ነውና መጀመሪያ መመርመር ያለበት እርሱ ነው።

2ኛ፤ ስለ ጕድጓዱ ቍጥርና ስፍራ።

አንድ ጕድጓድ ብቻ ምንም አያስረዳም። ለመንገድ ስለሚቀርብ ወይም መሬቱ ለመቈፈር ስለሚቀል የተመረጠ ስፍራ እንደ ሆነ ደግሞ ያሳስታል። የውሃውን አካሄድ ለማወቅ ቢያንስ 3 ጕድጓዶች በአንድ መሥመር ሳይሆን በሦስት ማዕዘን ይቈፈራሉ። የእያንዳንዱ አፍ ከፍታ በመለኪያ ከተያዘ በኋላ ውሃው ከአፉ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይለካል፤ ውሃው ከፍ ካለበት ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል። ከዚህ በኋላ አንዱ ጕድጓድ ከመርዙ በላይ፣ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስቱ ከመርዙ በታች እንዲሆኑ ይደረጋል። የላይኛው ጕድጓድ ያልተነካውን ውሃ ያሳያል፤ ያለ እርሱ የታችኛውን የሚያመዛዝኑበት የለም። በስንጥቅ ደንጊያ አገር ውሃው ጕድጓዶቹን ስቶ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከታች ያሉት ምንጮች እንደ ጕድጓድ ተቈጥረው አብረው ይመረመራሉ።

3ኛ፤ ስለ አሠራሩ።

መርዙ በፈሰሰበት መካከል አጥልቆ መቈፈር አይገባም፤ የተቈፈረው ቀዳዳ ራሱ መርዙን ወደ ታችኛው ውሃ የሚያወርድ መንገድ ይሆናልና። ቧንቧው ውሃው በሚገባበት ክፍል ብቻ ቀጫጭን ቀዳዳ ይኖረዋል፤ በዚያ ዙሪያ የታጠበ ጠጠር ይፈስሳል፤ ከጠጠሩ በላይ በውሃ የሚያብጥ ሸክላ፣ ከዚያም በላይ ሲሚንቶ ይሞላል። ይህ ካልተደረገ የጐርፍ ውሃ በቧንቧው ዳር ይገባና ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል። አፉ በቍልፍ ይዘጋል። ባለይዞታውም በአጠገቡ እንዳያርስ፣ ከብትም እንዳያጠጣ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ስለሚወሰድበት መሬትና ስለሚጐዳበት ሰብል ተገቢው ካሣ ይታሰብለታል።

4ኛ፤ ውሃውን ስለ መቅዳት።

በቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ የምድሩን ውሃ አያሳይም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይቀዳል። የቧንቧው የውስጥ ወርድ 5 ሳንቲሜትር ቢሆን በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሊትር ያህል ውሃ አለ። ቁመቱ 10 ሜትር ከሆነ 20 ሊትር ይሆናል፤ ልማዱም የዚህን ሦስት እጥፍ፣ ማለት 60 ሊትር፣ ማውጣት ነው። የወጣው ውሃ በበርሜል ይጠበቃል እንጂ በመስክ ላይ አይደፋም። መቅዳት የሚጀመረው ንጹሕ ነው ከሚባለው ጕድጓድ ሲሆን፣ የተጠረጠረው መጨረሻ ይሆናል። ውሃው በጥቍር ጠርሙስ ይቀዳል፤ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበታል፤ በበረዶ ቀዝቅዞ በታሸገ ሣጥን ሳይዘገይ ወደ መመርመሪያ ቤት ይላካል። ማን እንደ ቀዳው፣ ማን እንደ ተረከበው በየእጁ ይፈረማል።

የመቅጃው ጊዜም እንደ አገሩ ወራት ይሁን፤ ከበልግ ዝናም በፊት፣ ከበልግ በኋላ፣ በክረምት መካከልና በጥቅምት። በበጋ አንድ ጊዜ ተቀድቶ ንጹሕ የሆነ ውሃ፣ በነሐሴ ዝናም መርዝ ሊያወርድ ይችላል።

5ኛ፤ ስለ ፍርዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር ለሊንዴን 2 ማይክሮግራም፣ ለዲዲቲ 1 ማይክሮግራም፣ ለአልድሪንና ለዲልድሪን በአንድነት 0.03 ማይክሮግራም ነው። አንድ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ምላስም አፍንጫም አያውቀውም።

ውጤቱ ከዚህ በላይ ቢሆን ሹሙ የምንጩን መጠጥነት በዚያው ቀን ማገድ፣ ለሕዝቡም ሌላ ውሃ ማዘጋጀት ይገባዋል። መልሶ ስለ ማጽዳቱም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ወጪውን በበካዩ ላይ ጥሏል። ባልተገባ ስፍራ በተቈፈረ አንድ ጕድጓድ ተመክቶ ውሃው ንጹሕ ነው ብሎ በማኅተም ማጽደቅ ግን ካለመመርመር የባሰ ነው። ያልተመረመረውን ውሃ ሰው እየተጠራጠረ ይጠጣዋል፤ በሹም ማኅተም የጸደቀውን ግን አምኖ ለልጁ ያጠጣዋል።