«ዙሙ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት

ካሜራ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዙሙ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን ቁጥር ያሳየዋል፤ 4፣ 10፣ 40። ቁጥሩ ባደገ መጠን ካሜራው የተሻለ ይመስላል። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ጥያቄ ወደ ኋላ እንዲያቆዩት ነው። የቤተሰብ ፎቶ የሚነሳው ከመሸ በኋላ ሳሎን ውስጥ፣ በልደት ሻማ ዙሪያ፣ መጋረጃው በተዘጋ የሰርግ አዳራሽ፣ ገና ሳይነጋ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። እዚያ ፎቶ የሚያበላሸው የብርሃን ማነስ ነው። ስለዚህ ኪስ ወይም ትንሽ ቦርሳ የሚገባ ባለዙም ካሜራ ስትመርጡ አስቀድማችሁ ስለ ብርሃን ጠይቁ።

የዙም ቁጥር ከየት ይመጣል?

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የማካፈል ውጤት ነው። የሌንሱ ረጅሙ ርዝመት ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኘው ይጻፋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ካነን ፓወርሾት ኤስኤክስ740 ኤችኤስ ከ24 እስከ 960 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ 960 ለ24 ሲካፈል 40 ይሆናል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው እንዲህ ያሉ ርዝመቶች በድሮው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ መለኪያ የተሰሉ ናቸው፤ የተለያዩ ካሜራዎችን ለማወዳደር የሚያመቸው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልብ በሉ። ሌንሱ ራሱ ተንቀሳቅሶ የሚያቀርበው ኦፕቲካል ዙም ነው። ዲጂታል ዙም የሚባለው የተነሳውን ምስል መሃሉን ቆርጦ ማተለቅ ብቻ ነው፤ ያንን ቤት ገብታችሁ በስልካችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ስማቸው የማይታወቅ ርካሽ ካሜራዎች ካርቶናቸው ላይ «16 እጥፍ ዙም» ብለው ይጽፋሉ፤ ሲታዩ ሌንሳቸው ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ካሜራውን አብሩት፤ የዙሙን ቁልፍ ስትጫኑ ሌንሱ የሚወጣና የሚገባ ካልሆነ፣ ወይም በስክሪኑ ላይ ምስሉ ብቻ እየተለቀ ከደበዘዘ፣ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ሌንሱ ፊት ላይ የተጻፈውን አንብቡ

የካሜራውን ሌንስ ፊት ለፊት ስታዩት በዙሪያው ትንንሽ ቁጥሮች አሉ። ከሻጩ ንግግር ሁሉ ይልቅ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። በ2016 የወጣው ካነን ጂ7 ኤክስ ማርክ 2 ላይ «8.8-36.8» እና «1:1.8-2.8» የሚል ታገኛላችሁ። የፊተኛው ጥንድ የሌንሱ እውነተኛ ርዝመት ነው፤ በዚህ ካሜራ ሴንሰር ልክ በ2.7 ሲባዛ ከ24 እስከ 100 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የኋለኛው ጥንድ የብርሃን ቀዳዳው ስፋት ነው፤ ፎቶ አንሺዎች ኤፍ የሚሉት። ኤፍ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃን በብዛት ይገባል። ከሁለቱ የመጀመሪያው ሌንሱ ሰፊ ሲሆን ያለው፣ ሁለተኛው ዙሙ እስከ ጫፍ ሲሳብ የሚቀረው ነው።

አስተዋዋቂዎች የሚያጎሉት የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። እናንተ ሁለተኛውን ተመልከቱ። በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒ አርኤክስ100 እና ይህ የካነን ካሜራ ሁለቱም ከኤፍ 1.8 ይጀምራሉ፤ ሁለቱም 100 ሚሊሜትር ላይ ያበቃሉ፤ የሴንሰራቸውም መጠን እኩል ነው። የሶኒው ግን ጫፉ ላይ ኤፍ 4.9 ሲደርስ የካነኑ ኤፍ 2.8 ላይ ይቆማል። ብርሃን የሚቆጠረው በኤፍ ቁጥሩ ካሬ ስለሆነ በ100 ሚሊሜትር የካነኑ ሌንስ 3 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። አንደኛው ካሜራ ልጅ ሻማ ስታጠፋ በ1/30 ሰከንድ ሲያነሳት ሌላው በ1/90 ያነሳታል። በ1/30 ፊቷ ይደበዝዛል፣ በ1/90 ብዙውን ጊዜ ጥርት ብሎ ይወጣል። ካርቶኖቻቸው ላይ ያለው የዙም ልዩነት ግን 3.6 እና 4.2 ነው፤ ይህን ሁሉ አይነግራችሁም።

ባለ 40 ዙሙን ኤስኤክስ740 ደግሞ እንየው፤ ከኤፍ 3.3 ተነስቶ ጫፉ ላይ ኤፍ 6.9 ይደርሳል። ጫፉ ላይ የሚቀረው ብርሃን ሰፊው ላይ ካለው ሩብ አይሞላም። እኩለ ቀን ላይ ሜዳ ወጥታችሁ ስታነሱ ችግር የለውም። አዳራሽ ውስጥ ግን ያን ሁሉ ዙም ልትጠቀሙበት አትችሉም።

ሴንሰር

ከሌንሱ ቀጥሎ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰሩ ነው። በኪስ ካሜራዎች ዘንድ በብዛት የምታገኙት ሁለት መጠን ነው። ትንሹ «1/2.3 ኢንች» የሚባለው ሲሆን 6.17 በ4.55 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ትልቁ «1 ኢንች» የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው፤ ስሙ ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች የተወረሰ ስለሆነ በማስመሪያ ብትለኩት 1 ኢንች አታገኙም። የስፋታቸው ልዩነት 4 እጥፍ ይሆናል። ትልቁ ሴንሰር ላይ ጨለማ ቦታ የተነሳ ፎቶ ጥላው ውስጥ የሚታየው አሸዋ የመሰለ ንጣፍ በጣም ይቀንሳል፣ የቆዳ ቀለምም ሳይዥጎረጎር ይቀራል።

የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ገንዘቡን ያወጣው በትንሹ ሴንሰር ላይ ነው። የዛሬ ጥሩ ስልኮች ዋና ሴንሰራቸው ከ1/2.3 ኢንች ይበልጣል። ስለዚህ ጥሩ ስልክ ያለው ሰው ትንሽ ሴንሰር ያለው ካሜራ ሲገዛ የሚያተርፈው ርቀት ብቻ ነው፤ ማታ ሳሎን ውስጥ ስልኩ ይበልጠዋል።

ነጭ የለበሰ ሰው ሲበዛ

ይህን ክፍል ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጽፈው እፈልጋለሁ፤ የካሜራ መመሪያ መጽሐፎች ለእኛ በዓላት ተብለው አልተጻፉምና።

የካሜራው የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ትዕይንት ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ ቆጥሮ ይሠራል። ጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ ስትቆሙ ፊታችሁ ያለው ነጠላ፣ ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ ነው። ካሜራው ነጩን ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጩ ልብስ ግራጫ ይሆናል፣ ከነጠላው ሥር ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ይጠቁርና ዓይኑ እንኳ አይለይም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ካሜራው ጥሩ አይደለም» ይላል። መድኃኒቱ የብርሃን ማካካሻ የሚባለው ማስተካከያ ነው፤ በመደመርና በመቀነስ ምልክት ይታወቃል። ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ወደ መደመር ስትወስዱት ፊቱ ይከፈታል። ከዚያ በላይ ስትሄዱ ደግሞ የነጠላው ሽመናና ጥለቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ አንድ ፎቶ አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ተመልከቱ።

ለምርጫው ምን ያደርጋል? ይህ ማስተካከያ በሜኑ ውስጥ የተቀበረበትን ካሜራ አትግዙ። ሰልፉ እያለፈ ሜኑ አይከፈትም። ጂ7 ኤክስ ማርክ 2 ለዚህ የተለየ መዘውር ከላይ አለው፤ ሌሎቹ ከኋላ ባለው ክብ ቁልፍ ይሠሩታል። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ሻጩን «ይህን የት ነው የምቀይረው?» በሉት፤ ከዚያም ራሳችሁ አድርጉት። በ2 ጣት መነካካት ከተቻለ ጥሩ ነው።

ጸሐይም ሌላ ፈተና ነው። በቀትር ስክሪን አይታይም፤ ዓይን የሚጠጋበት ቪውፋይንደር ያለው ካሜራ ያን ጊዜ ዋጋው ይታወቃል። በ2014 የወጣው ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 3 ተጭኖ የሚወጣ ቪውፋይንደር አለው። በ2016 የወጣው ፓናሶኒክ ሉሚክስ ቲዜድ100ም ትንሽ አለው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ የካነን ካሜራዎች የላቸውም።

ስንት ሚሊሜትር ይበቃል?

24 ሚሊሜትር ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቡና የከበበውን ሰው ሁሉ ያስገባል። ከ85 እስከ 100 ያለው ለፊት ይስማማል፤ ራቅ ብላችሁ ስለምታነሱ አፍንጫ አይተልቅም፣ ሰውየውም አይሸማቀቅም። ከ200 እስከ 250 የትምህርት ቤት መድረክ ላይ የቆመ ልጅ ይደርሳል። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ከሰው ብዙ ስለማይሸሽ ይኸው ይበቃዋል፤ ገደል ጫፍ ላይ ለቆመ ዋልያ ወይም ለወፍ ግን 400 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ርዝመቱ ሲጨምር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። የቆየው ደንብ የሻተሩ ፍጥነት 1 ለሌንሱ ርዝመት ይሁን ይላል፤ በ250 ሚሊሜትር 1/250 ሰከንድ ማለት ነው። ካሜራው ውስጥ ያለው ማረጋጊያ ይህን በብዙ ይቀንሳል። ማረጋጊያው የሚያግደው የእናንተን እጅ ነው፤ የሚሮጠውን ልጅ አያቆመውም።

ስለ ሜጋፒክሴል

አጭር ነው። በ10 በ15 ሳንቲሜትር ለሚታጠብ ፎቶ 2 ሜጋፒክሴል ገደማ ይበቃል፤ ለኤ4 9 ገደማ። የጠቀስኳቸው ካሜራዎች ሁሉ 20 አካባቢ ናቸው። በዚህ ቁጥር አትጨነቁ።

ከውጭ የሚመጣ ካሜራ

ብዙዎቻችን ካሜራ የምናገኘው ከአሜሪካ፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ እጅ ነው። ቻርጀሩ አያሳስብም፤ አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ የሚያስፈልገው የሶኬት ማገናኛ ነው። የሚያስቸግረው ቪዲዮው ነው። የአሜሪካ ካሜራ በሰከንድ 30 ወይም 60 ምስል ያነሳል፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንት አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ቪዲዮው ላይ የሚሄድ ጥቁር መስመር ይታያል። አንዳንድ ካሜራ ሜኑ ውስጥ ኤንቲኤስሲ ከሚባለው የአሜሪካ የቪዲዮ ሥርዓት ከ50 ኸርዝ ጋር ወደሚገጥመው ፓል ይቀየራል፣ አንዳንዱ አይቀየርም። ካልተቀየረ ሻተሩን በእጅ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ መስመሩን ያጠፋዋል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ደግሞ ሜኗቸው ብዙውን ጊዜ ጃፓንኛ ብቻ ስለሆነ ከመክፈል በፊት ቋንቋውን እዩ።

ያገለገለ ሲሆን

ወጣቶች ወደ ትንንሽ ካሜራዎች ስለተመለሱ የአዲሶቹ ዋጋ ንሯል፤ ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም። ሌንሱ የሚወጣና የሚገባ በመሆኑ አቧራ ወደ ውስጥ ይስባል፤ የበጋ አቧራችን ደግሞ ቀላል አይደለም። ሌንሱ ስለማይነቀል ሴንሰሩ ላይ ያረፈው አቧራ ካሜራው ሳይፈታ አይጸዳም። ካሜራውን ወደ ጥርት ያለ ሰማይ አዙሩ፣ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 አጥብቡ፣ አንሱና አጉልታችሁ እዩት። ደብዘዝ ያለ ጥቁር ነጥብ ካለ ተዉት። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግማችሁ አስኪዱት፤ ካንገራገረ ወይም የሌንስ ስህተት የሚል መልእክት ካመጣ አትደራደሩ። ባትሪም አብራችሁ ጠይቁ፤ እነዚህ ካሜራዎች በአንድ ቻርጅ ከ300 ፎቶ ብዙ ስለማይርቁ ለሰርግ ቀን ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል።

የእኔ ምርጫ

ለቤት፣ ለልደት፣ ለበዓልና ለጉዞ አንድ ካሜራ ብቻ የሚገዛ ሰው ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ሆኖ ጫፉ ላይ ኤፍ 2.8 የሚይዘውን ይውሰድ። ጂ7 ኤክስ ማርክ 2 ወይም አርኤክስ100 ማርክ 3 ማለት ነው፤ የኋለኛው 70 ሚሊሜትር ላይ እንደሚያበቃ ግን እወቁ። ልጆቹ መድረክ ላይ የሚወጡበት ወይም ብዙ የሚጓዝ ሰው ከ25 እስከ 250 የሚሄደውን ቲዜድ100 ይምረጥ፤ ጫፉ ላይ ኤፍ 5.9 ስለሚሆን ቀን ቀን ይጠቀምበታል። ባለ 40 ዙሙን ለወፍና ለዱር እንስሳት ወዳጆች ብቻ እመክራለሁ። ሁሉም ክብደታቸው 300 ግራም ገደማ ነው።

ከውጭ ዘመድ ደውሎ «ምን ላምጣልህ?» ቢላችሁም «ጥሩ ካሜራ» ብላችሁ አትተዉት። የሞዴሉን ሙሉ ስም፣ የሴንሰሩን መጠን፣ ጫፉ ላይ ያለውን የኤፍ ቁጥርና ሁለተኛ ባትሪ እንደሚያስፈልግ ጽፋችሁ ላኩለት።