ጥርት ያለ የጉድጓድ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

በዳንግላ ወረዳ፣ በዳንግሽታ ቀበሌ የሚኖሩ አርሶ አደሮች የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና በጉድጓዶቻቸው ያለውን የውኃ ጥልቀት ራሳቸው መለካትና መመዝገብ የጀመሩት በ2006 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለው ልኬት የውኃውን ብዛት ያሳውቃል፤ በውስጡ የሟሟውን ግን አያሳውቅም።

ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ናይትሬት ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲቀንስ ናይትሬቱ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ሲታለፍ ይበልጥ የሚጎዳው በዚያ ውኃ የተበጠበጠ ወተት በጡጦ የሚጠጣ ጨቅላ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይደክማልና።

ናይትሬትን ለመለየት ከሚሠሩት አዳዲስ መሣሪያዎች አንዱ በስስና ተጣጣፊ ፕላስቲክ ላይ በካርቦን ቀለም የሚታተም ኤሌክትሮኬሚካል ዳሳሽ ነው። ስሙ እንግዳ ቢመስልም፣ የስኳር ሕመምተኞች የደም ጠብታ የሚያስነኩት ስትሪፕ የዚሁ ዘመድ ነው። አንደኛው መስመር ናይትሬትን በሚመርጥ ሽፋን ይለበጣል፤ ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ይሆናል። ናይትሬቱ 10 እጥፍ ሲለወጥ በሁለቱ መካከል ያለው ቮልቴጅ በ59 ሚሊ ቮልት ገደማ ይለወጣል፤ መጠኑም ከዚህ ይሰላል።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፦ ይህ ዳሳሽ ስለ ተሐዋስያን ምንም አይናገርም። ሽፋኑም ያረጃል፤ ክሎራይድ በበዛበት ውኃ ንባቡ ይዛባል። መጠኑ በታወቀ ፈሳሽ አስቀድሞ ካልተፈተሸ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። አጠራጣሪ ንባብ ሲገኝ፣ ጉድጓዱ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ቢሆንም እንኳ፣ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይላክ፤ እስከዚያው ለሕፃናት የሚሆነው ውኃ ከሌላ ስፍራ ይቀዳ።