ስለ ዜግነት መብትና ስለ ማስረጃው

ዜግነት ማለት ሰው ከመንግሥቱ ጋራ የሚተሳሰርበት የሕግ ማሰሪያ ነው። ዜጋ የሆነ ሰው በአገሩ ሕግ ይጠበቃል፤ ወደ ውጭ አገር ቢሄድም መንግሥቱ ይጠይቅለታል። ዜግነት የሌለው ግን ቢበደል አቤት የሚልለት መንግሥት የለውም።

የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ በ1922 ዓ.ም. ሲወጣ፥ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው አለ። ነገር ግን የውጭ አገር ሰው አግብታ የባሏን ዜግነት ያገኘች ሴት ኢትዮጵያዊነቷ ይቀርባት ነበር። በታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የጸደቀው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ15ኛው አንቀጹ፥ ማናቸውም ሰው ዜግነት እንዲኖረው፥ ያለ አግባብም እንዳይነጠቅ ደነገገ፤ ኢትዮጵያም ደግፋ ድምፅ ሰጠች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በ33ኛው አንቀጽ፥ ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱ አይወሰድም፤ ጋብቻም አያስቀረውም አለ።

ይሁን እንጂ ሕግ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ የኤርትራ ትውልድ አላችሁ የተባሉ እጅግ ብዙ ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ፤ ባል ከሚስቱ፥ ልጅ ከእናቱ ተለየ። ከኤርትራም ብዙ ኢትዮጵያውያን ተባረሩ። ጉዳዩን በሄግ የመረመረው የካሣ ኮሚሽን በ1997 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፥ ኢትዮጵያ ከእነዚያ ሰዎች የአንዳንዶቹን ዜግነት የወሰደችው ከሕግ ውጭ መሆኑን አስታወቀ።

ይህ ለቡኢና ለሶዶ ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር፥ መልሱ እነሆ። የክስታኔ ሽማግሌዎች በጎርደና ሴራ ሲቀመጡ፥ ልጁ የማን ልጅ እንደ ሆነ በቃል ያውቃሉ። ነገር ግን የቡኢ ልጅ ለሥራ ዓረብ አገር ቢሻገር፥ በዚያ ያለው ሹም የሚያምነው ማኅተም ያለበትን ወረቀት እንጂ የሽማግሌ ቃል አይደለም። ዜግነት በልደት ይገኛል፤ የሚጸናው ግን በማስረጃ ነው።

ስለዚህ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዘዘ። የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑ እንደሚበቃ ስለሚናገር፥ አባቱ ያልታወቀ ልጅ በእናቱ ዜግነቱን ያገኛል። ተጥሎ የተገኘ ሕፃንም የሌላ አገር ዜጋ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር እንደ ኢትዮጵያዊ ይቈጠራል።

እንግዲህ መምህር የልደት ወረቀት የሌለውን ተማሪ ከደጅ ሊመልሰው አይገባም፤ ወላጆቹን ጠርቶ ወደ ቀበሌ ይላካቸው። ሽማግሌም በክርስትናም ሆነ በአቂቃ ድግስ ከመመረቁ አስቀድሞ፥ «ሕፃኑ ተመዝግቧልን?» ብሎ ይጠይቅ።