የደካማው አደራ በማን እጅ ነው?



ስለ ሰደቃ ደግነትና ስለ ዘካ ግዴታነት ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። የዛሬው ትምህርታችን ከዚያ ቀጥሎ ስላለው ጉዳይ ነው። ለዓይነ ስውሩ፣ መስማት ለተሳናት፣ ከመኝታው መነሳት ላቃተው ወገናችን የተሰጠው እርዳታ ከሰጪው እጅ ከወጣ በኋላ በማን እጅ ያልፋል? ያንን እጅስ ማን ይጠይቀዋል?

ነገሩን ከሰሜን ሸዋ ደጋ እንጀምር። መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን የሚያውቅ ሰው አገሩ ምን ያህል በገደል የተከፋፈለ መሆኑን ያውቃል። ከጓሳ ብርድ እስከ ጀማ ሸለቆ ሙቀት ድረስ ያለው ገበሬ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ራቤል ወይም ወደ ዓለም ከተማ ለመድረስ ሽቅብ ቁልቁል መውጣትና መውረድ አለበት። ይህ መንገድ ለጤነኛ ሰው ድካም ነው። ዓይኑ ለጠፋ ወይም እግሩ ለማይታዘዘው ግን ያለ ሰው እርዳታ የማይሞከር ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከደረሰባቸው አካባቢዎች መካከል መንዝና ግሼ ይገኙበታል። በመርሐ ግብሩ ደንብ መሠረት መሥራት የሚችል ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል። በእርጅና፣ በአካል ጉዳት ወይም በጽኑ ሕመም ምክንያት መሥራት የማይችልና የሚሠራለት ጉልበት የሌለው ደግሞ ያለ ሥራ ይሰጠዋል፤ ይህም «ቀጥተኛ ድጋፍ» ይባላል። ተጠቃሚው በስሙ ካርድ አለው። የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር ለሕዝብ ይቀርባል። በደል የደረሰበት ሰው የሚያመለክትበት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም በቀበሌው ሊኖር ይገባል። እንግዲህ ድጋፉ መብት እንጂ የማንም ችሮታ አይደለም ማለት ነው።

ነገር ግን ወደ መክፈያው ቦታ መሄድ የማይችለው ሰው የግድ ተወካይ ይልካል። የዛሬው ጭንቃችን እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ እናስብ። በአንድ የገደል አፋፍ መንደር የሚኖሩ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሉ እንበል። ድጋፋቸውን የሚቀበልላቸው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ መሬታቸውንም በእኩል የሚያርሰው እሱ ነው። ስንት ብር እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ ከማሳቸው ስንት ቁና እንደገባ የሚነግራቸው እሱ ብቻ ነው። «የዚህ ወር አልመጣም» ካላቸው አልመጣም ብለው ይቀመጣሉ። ቢጠራጠሩስ ለማን ይናገራሉ? ወደ ቀበሌው እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው ያው የወንድማቸው ልጅ ነው! በዳዩና መሪው አንድ ሰው በሆነበት ቤት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህን የምንለው የወንድም ልጅ ሁሉ ከሃዲ ነው ለማለት አይደለም፤ ሐሻ! አብዛኛው አስታማሚና መሪ ማንም ሳያመሰግነው ትልቅ ሸክም የተሸከመ፣ አጅሩን ከአላህ (ሱ.ወ.) የሚጠብቅ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ኢስላም አደራን በሰው ደግነት ላይ ብቻ አልተወውም። ቀጥሎ የምናየውም ይህንኑ ነው።

አንደኛ፣ ባለቤቱ ራሱ ይጠየቅ

ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ዓይነ ስውር ሰሐባ ነበሩ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ታላላቆችን ሲያነጋግሩ ሳሉ መጥተው ዕውቀት በጠየቁ ጊዜ ፊት ስለተነሳቸው ሱረቱ ዐበሰ ወረደ፤ የጠያቂው ዓይነ ስውር ጉዳይ ከታላላቆቹ ጉዳይ የሚያንስ እንዳልሆነም ተገለጸ። እኚሁ ሰው ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር የመዲና ሙአዚን ሆኑ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለዘመቻ ሲወጡ ከአንድ ጊዜ በላይ መዲናን በእሳቸው እጅ ትተው ሄደዋል። ከተማ የተሰጠው ዓይነ ስውር ስለ ገዛ ብሩ ለምን አይጠየቅም?

መናገር የማይችለውም ቢሆን ቃል አለው። የፊቅህ ሊቃውንት የዲዳ ሰው የታወቀ ምልክት እንደ ንግግር እንደሚቆጠር አስቀምጠዋል፤ የዑስማንያ መንግሥት የፍትሐ ብሔር ሕግ የነበረው መጀላም ይህንኑ ከመሠረታዊ ደንቦቹ አንዱ አድርጎታል። «እሱ ምን ያውቃል» ብሎ በሰው ፋንታ መናገር እንግዲህ ልማድ እንጂ ዲን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ይጻፍ፤ ምስክርም ይቁም

በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ላይ የዕዳ ውል እንዲጻፍ ታዟል፤ ባለ ዕዳው ደካማ ወይም ማጻፍ የማይችል ከሆነ ወኪሉ በፍትሕ እንዲያጽፍለት፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ተደንግጓል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ ደግሞ የየቲምን ገንዘብ የያዘ ሰው በሚያስረክብበት ጊዜ ምስክር እንዲያቆም ታዟል። ምስክር የሚቆመው ተቀባዩን ከመበደል፣ ታማኙንም ከሐሜት ለማዳን ነው።

የአገራችንም ሕግ በዚህ ረገድ አልተኛም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ፊርማና ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር ባለቤቱን እንደማያስገድድ ይናገራል። ስለዚህ በጓዳ «እዚህ ላይ ጣትዎን ይጫኑ» ተብሎ የተወሰደ አሻራ መሬትን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ እየመሰለን ዝም ማለት የለብንም።

ሦስተኛ፣ የረዳቱ ድርሻ አስቀድሞ ይታወቅ

በዚያው በአን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ ባለጸጋ የሆነ ሞግዚት ከየቲሙ ገንዘብ እንዲታቀብ፣ ድኻ የሆነው ግን በአግባቡ ብቻ እንዲጠቀም ተፈቅዷል። ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ገንዘብ የሚያመጣ ድኻ የስንቁንና የድካሙን ቢያገኝ ነውር የለበትም። ነውሩ መጠኑን ራሱ ወስኖ ራሱ ሲወስድ ነው። በባለቤቱ ፈቃድ፣ በሰው ፊት፣ አስቀድሞ ይወሰን።

አራተኛ፣ የአቤቱታው በር ከረዳቱ የተለየ ይሁን

ኢማም አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ እንደዘገቡት ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) አንድ ዓይነ ስውር የሆነ አይሁዳዊ ሽማግሌ በየደጁ ሲለምን አገኙ። ምን እንዳደረሰው ጠየቁት፤ የጠየቁትም ራሱን እንጂ ጎረቤቱን አልነበረም። ከዚያም ወደ ቤታቸው ወስደው ከሰጡት በኋላ እሱና መሰሎቹ ከበይተል ማል እንዲረዱ አዘዙ። ኸሊፋ ወሊድ ኢብኑ ዐብዱል መሊክ ደግሞ (86–96 ዓ.ሂ.) ለዓይነ ስውራን መሪ፣ መራመድ ለማይችሉም አገልጋይ መመደባቸውን ጠበሪ መዝግበውታል። ይህ ሲሆን ደካማው በአንድ ዘመዱ ፊት ብቻ አይወድቅም።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ16ኛው አንቀጹ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጡ አገልግሎቶች ሁሉ በገለልተኛ አካል እንዲታዩ ያዛል። አባቶቻችን የሠሩበትን ዛሬ ዓለም ሕግ አድርጎታል።

ከገንዘብ የሚበልጥ አደራ

የክብርና የአካል ደኅንነት አደራ ከብር አደራ ይከብዳል። መስማትና መናገር የማትችል ሴት በሚጠብቃት ሰው ብትደፈር ብዙ ጊዜ ነገሩ በሽምግልና ይዳፈናል፤ «ሲትር ይሻላል» የሚልም አይጠፋም። ይህ ስሕተት ነው። መሸፈን የታዘዝነው ሰው በራሱና በጌታው መካከል ያጠፋውን እንጂ የሌላውን ሰው ሐቅ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት መከላከል የማትችልን፣ ወይም በጥበቃው ሥር ያለችን ሴት አስገድዶ የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ደንግጓል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ በእርቅ የሚዘጋ ሽማግሌ አስታራቂ ሳይሆን ተባባሪ ነው።

እኛስ?

የከተማ ሙስሊም ሆይ! «ይህ የገጠር ነገር ነው» አትበል። በየወሩ ለአካል ጉዳተኛ ዘመድህ የምትልከው ብር በማን በኩል ይደርሳል? ገንዘቡን የተቀበለውን ሰው አመስግነህ ስልኩን ከመዝጋትህ በፊት «እስቲ እሳቸውን አገናኘኝ» በል፤ መጠኑንም ለራሳቸው ንገራቸው። ለዒድ ስትሄድ ምሳ በልተህ ብቻ አትመለስ፤ ለብቻቸው ተቀምጠህ አጫውታቸው። ሰው ፊት የማይወጣ ቃል አለና።

የመስጊድ ጀመዓ ደግሞ ዘካና ሰደቃ ከማከፋፈል አልፎ ሁለት ሰዎችን፣ ለሴቶች ሴቶችን፣ በየወሩ ቤት ለቤት የሚጠይቁ አድርጎ ይመድብ። ጠያቂዎቹ የአስታማሚው ቅርብ ዘመድ አይሁኑ። ደካማው መክሰስ ቢፈልግ ወደ ቀበሌው ኮሚቴ ወይም ወደ ፖሊስ ይዘውት ይሂዱ። አስታማሚው ደክሞ ከሆነም ያሳርፉት፤ የደከመ ሰው ሳያስበው ይበድላልና።

በመንዝና በመርሐቤቴ ደጋ ጎረቤታችን አብዛኛው ክርስቲያን ነው። በአን-ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አደራ ለባለቤቱ እንዲመለስ ስንታዘዝ የባለቤቱ ሃይማኖት አልተጠየቀም። ዑመርም (ረ.ዐ.) ያንን ሽማግሌ አይሁዳዊ ነው ብለው አላለፉትም።

ወገኖቼ፣ ደካማው በዱንያ ላይ አቤት የሚልበት መሪ ባያገኝ የውመል ቂያማ ያለ መሪ ይቆማል፤ ያኔ የሚጠየቀው የበላው ብቻ ሳይሆን እያየ ዝም ያለውም ጭምር ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) አደራን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።