ቆጠራ በዘገየበት የምርጫ ክልልን መከለስ፦ ሶማሌ ክልል ከጉናጋዶ አንጻር

መግቢያ
የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ይደነግጋል። በውጤቱ መሠረት ምርጫ ቦርድ የምርጫ ክልሎችን ረቂቅ ያቀርባል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን በሶማሌና በአፋር ክልሎች የተከናወነው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር። ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ይህ ጽሑፍ የመዘግየቱ ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይመረምራል።

የውክልና ልዩነት
በዚያ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 73.8 ሚሊዮን ያህል፣ የሶማሌ ክልል ሕዝብ 4.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ስላሉት አንድ መቀመጫ በአማካይ 135 ሺህ ሰው ይወክላል። የሶማሌ ክልል 23 መቀመጫዎች ግን እያንዳንዳቸው ከ190 ሺህ በላይ ሰው ይይዛሉ። በሕዝብ ብዛት ብቻ ቢሰላ የክልሉ ድርሻ ወደ 33 መቀመጫ ይጠጋ ነበር። ለአናሳ ብሔረሰቦች የሚጠበቁት ቢያንስ 20 መቀመጫዎች ተቀንሰው ቢሰላ እንኳ አማካዩ ከ140 ሺህ ብዙም አይርቅም።

ማስተካከያው ቀላል አይደለም። አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ስለሚገድብ፣ ለአንዱ ክልል መጨመር ከሌላው መቀነስን ይጠይቃል።

ከቀበሌ አንጻር
በወረዳ ምክር ቤት ደረጃ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም፤ የአባላቱ ቁጥር በክልል ሕግ ይወሰናል። ችግሩ ሌላ ነው። በጀረር ዞን እንደምትገኘው ጉናጋዶ ባሉ የአርብቶ አደር ወረዳዎች የቀበሌ ወሰን ቋሚ ሲሆን ነዋሪው ግን ይንቀሳቀሳል። በጉ እና በደይር ዝናብ ወቅት ሕዝቡ ግጦሽ ተከትሎ ይበተናል፤ በጂላል ድርቅ ወደ ቢርካና ወደ ጉድጓድ ይሰበሰባል። በአንድ ወቅት ብቻ የተቆጠረ ሕዝብ የዚያ ወቅት ሕዝብ ነው፤ ውኃ ያለው ቀበሌ በቆጠራው ሊገዝፍ፣ ግጦሽ ያለው ሊያንስ ይችላል። መራጭ በምርጫ ክልሉ ለስድስት ወር መኖር አለበት የሚለው መስፈርትም ተንቀሳቃሹን ይከብደዋል።

የኬንያ ልምድ
ኬንያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት ክለሳ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲካሄድ ያዛል። የአንድ ምርጫ ክልል ሕዝብ ከአማካዩ በከተሞችና ሕዝብ በተበተነባቸው አካባቢዎች እስከ 40 በመቶ፣ በሌሎች እስከ 30 በመቶ እንዲለይ ይፈቅዳል። በዚህ መሠረት በ2004 ዓ.ም. 290 የምርጫ ክልሎችና 1,450 ዋርዶች ተካለሉ። ልዩነቱ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ገደቡ አስቀድሞ ታውቋል።

መደምደሚያ
የፌዴራሉ ክለሳ ቆጠራን መጠበቁ የሕግ ግዴታ ነው። የወረዳ ምክር ቤቶች ግን ሦስት ነገሮችን ከወዲሁ መጀመር ይችላሉ፦ ነዋሪን በሁለት ወቅቶች መመዝገብ፣ በቀበሌዎች መካከል የሚፈቀደውን የሕዝብ ልዩነት በቁጥር መገደብ፣ የወሰን ረቂቁንም ከመጽደቁ በፊት ለሽማግሌዎች፣ ለሴቶችና ለወጣቶች በሶማሊኛ ማቅረብ። የአካባቢ ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተካሄደ ከሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ወዲህ ረጅም ጊዜ አልፏል። ቀጣዩ ምርጫ በአሮጌ ወሰን ከተካሄደ፣ የአርብቶ አደሩ ድምፅ ሳጥኑ ውስጥ ቢገባም ከሌላው እኩል አይመዝንም።