የፎጣ መስቀያው ከላላ

ልጄ፣ የእናትህን ቤት ልታድስ መነሣትህን ሰማሁ። ተባረክ። ሳሎኑን ቀለም ከማስቀባትህ በፊት ግን መታጠቢያ ቤቱን ተመልከት። በእርጥብ ሴራሚክ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንት፣ ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው አይራመዱም። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በግንባታ ሥራ ያረጀ ሰው የሚልህን ስማ።

1. ከመጠየቅ ማየት ይሻላል። እናትህን ብትጠይቃቸው «ምን ሆንኩና! ለእኔ ብለህ ገንዘብ አታውጣ» ነው የሚሉህ። ስለዚህ ግድግዳውን እይ። የፎጣ መስቀያው ከላላ ወይም የእጅ መታጠቢያው ከተነቃነቀ፣ ሲንገዳገዱ የሚይዙት እሱን ነው። ፎጣ መስቀያ ሰው አይሸከምም፤ የመያዣ ብረቱን እዚያው አካባቢ አስተክል።

2. ባኞውን አስነሣ። ጠርዙን ለመሻገር በአንድ እግር መቆም ግድ ነው፣ ያውም ሳሙና በነካው ወለል ላይ። በምትኩ ደፍ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚገባበት ሻወር ይሠራ። ከ90 በ90 ሴንቲሜትር አይነስ፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባ ከሆነ ርዝመቱን 150 አድርሰው።

3. ወለሉ ላይ አትቸኩል። ደፍ ሲጠፋ ውኃውን የሚመራው ተዳፋቱ ብቻ ነው፤ ወደ መውረጃው በአንድ ሜትር 2 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ዝቅታውን አሮጌው ሴራሚክና ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ሲነሣ ታገኘዋለህ፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሶሌታውን እንዳያስነኩህ። ውኃ መከላከያው ከተቀባና ከደረቀ በኋላ መውረጃውን ደፍነህ ውኃ ሙላበትና 24 ሰዓት ጠብቅ። የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ካልረጠበ ሴራሚኩ ይነጠፍ። የሚያብረቀርቀውን ተው፤ ሻካራና ትንንሽ የሆነው እግር ይይዛል።

4. መያዣውን ለፊሸር ብቻ አትተወው። የእኛ ቤት ግድግዳ በአብዛኛው ሆዱ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው፤ ፕላስቲክ ፊሸር ለሥዕል እንጂ ለሰው ክብደት አይበቃም። ብረቱ የሚያርፍበትን ብሎኬት አስከፍተህ በኮንክሪት አስሞላው፤ ሲደርቅ በቡሎን ይታሰር። ከፍታው ከወለሉ ከ85 እስከ 90 ሴንቲሜትር ይሁን።

5. ተቀምጠው ይታጠቡ። መቀመጫው ወደ 45 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ሻወሩ በጎማ የሚወርድ፣ ሚክሰሩም ከመቀመጫው ሳይነሡ የሚደረስበት ይሁን። 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ በ5 ሰከንድ ገደማ ቆዳ ያቃጥላልና ሙቀት የሚገድብ ሚክሰር አስገጥም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በርሜሉ ከመተላለፊያው ይውጣ፤ ጎንበስ ብለው እንዳይቀዱ ባልዲው የሚቀመጥበት ከፍታ አብጅ።

6. በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር፣ ሰው ከኋላው ሲወድቅ ረዳት አያስገባም። ቁልፉም ከውጭ የሚከፈት ዓይነት ይሁን።

7. ሒሳብ ከመክፈልህ በፊት አንተው ታጠብበት። መቀመጫው ላይ ተቀመጥ፣ ፊትህን ሳሙና ቀባ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ሚክሰሩን ዝጋ፤ ከዚያ ብረቱን ዳብሰህ በእሱ ተነሣ። እጅህ አንዱን ካጣው ወይም ብረቱ ጥቂት እንኳ ከተነቃነቀ፣ ሠራተኛው ሥራውን ገና አልጨረሰም።