አዲስ ዕቃ ለገበያ ስለማዘጋጀት፤ ከብዙው በፊት ጥቂቱ

አዲስ ዕቃ ሠርቶ የሚያቀርብ ነጋዴ ከሁሉ የሚያሰጋው፣ ገዢው ሳያየው ወረቱን በሙሉ በዕቃው ላይ ማዋሉ ነው። ዕቃው ሳይወደድ ከቀረ ገንዘቡ በመጋዘን ታስሮ ይቀራል። ይህን አደጋ ለማቃለል ከሚረዱት መንገዶች አንዱ «አጃይል» የተባለው የሥራ አመራር ዘዴ ሲሆን፣ በአማርኛ «ቀልጣፋ አሠራር» ቢባል ከትርጉሙ አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ታኬውቺና ኖናካ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ዐቃጁ፣ ሠሪውና ሻጩ ሥራውን በየተራ ከሚቀባበሉት ይልቅ ከመጀመሪያው አንሥተው አብረው ቢሠሩት እንደሚበጅ አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ 17 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለሙያዎች በአሜሪካ በዩታ ተሰብስበው የዘዴውን ስምና 4 ዋና ዋና ሐሳቦች በመግለጫ አወጡ። ከእነዚህም መካከል ከደንበኛ ጋር መተባበርና ለለውጥ ዝግጁ መሆን ይገኛሉ።

አፈጻጸሙ በሦስት ይጠቃለላል፤

1ኛ/ ሥራውን በአጭር ጊዜ በሚያልቁ ክፍሎች መመደብ፤
2ኛ/ በየክፍሉ ፍጻሜ የተሠራውን ለገዢ ማሳየት፤
3ኛ/ የተሰማውን አስተያየት በሚቀጥለው ሥራ ላይ ማዋል።

ዘዴው ለእጅ ሥራ እጅግ ይስማማል። ከቆሼ ብዙም በማይርቀው በዘነበወርቅ ሰፈር፣ ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙት ሶልሬብልስ የተባለው ድርጅት ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሶል እያወጣ ጫማ ሠርቶ ወደ ውጭ አገር በመሸጥ ታውቋል። መነሻው አገሬው ከቀድሞ ጀምሮ የሚያውቀው በረባሶ ነው። እንዲህ ያለው ጫማ በእጅ ስለሚቈረጥ የዛሬው ጥንድ ጉድለት በነገው ሊታረም ይችላል።

ለምሳሌ አንድ ባለሱቅ በመጀመሪያ 20 ጥንድ ብቻ አሠርቶ ቢሸጥና ገዢዎች ማሰሪያው እግር እንደሚልጥ ቢነግሩት፣ የሚታረመው የ20 ጥንድ ስሕተት ነው። 1,000 ጥንድ አስቈርጦ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱም 1,000 ጊዜ በተደገመ ነበር።

ይሁን እንጂ ዘዴው ለሁሉ አይሆንም። በዚያው በቆሼ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው የረጲ ከደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ዓይነት ሥራ፣ ምድጃው ከተተከለ በኋላ በየሳምንቱ የሚለወጥ አይደለም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የተሟላ ጥናት ይሻል። እንደዚሁም ቀለሙንና መጠኑን በውል የወሰነ ላኪ ያለ ገዢው ፈቃድ ሊለውጥ አይገባውም፤ ማሻሻያው ውሉ ከመፈረሙ በፊት በናሙና ላይ ማለቅ አለበት። አስመጪውም ቢሆን ያልተፈተነ ሸቀጥ በብዛት ከማዘዙ በፊት ጥቂቱን አስመጥቶ የገበያውን ጠባይ ቢመለከት ይጠቀማል።

ቅልጥፍና ማለት ጥድፊያ እንዳልሆነም መገንዘብ ያስፈልጋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደተባለው፣ የዘዴው ጥቅም ቶሎ በመጨረስ ሳይሆን ስሕተትን ገና ሳይከብድ በማወቅ ላይ ነው።